ሦስት ጌታ ያላት በቅሎ

በአንድ ወቅት፣ የረቡዕ ገበያ ሰው ማርና ቅቤውን በስልክ መሸጥ ለምዶ፣ ከብት በስልክ መሸጥን ግን ገና እንደ ጉድ በሚያይበት ወቅት፣ የሺመቤት የምትባል ነጋዴ ነበረች። ረቡዕ ገበያ የደጋ ከተማ ናት። ከተማ መባሏ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ገደል፣ ከገደሉ ሥር አጋም ውሃ የሚባለው ወንዝ። ኔትወርክ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ጨርሶ ሲጠፋ የሺመቤት ስልኳን ይዛ ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ሰውም ሲያያት «ደግሞ ልትጸልይ ወጣች» እያለ ይስቅባታል።

ይሳቅ እንጂ፣ ሥራዋ ሥራ ነበር። በቴሌግራም ላይ «ከቤታችን እስከ ቤትዎ» የሚል ገበያ ከፍታለች። ገበሬው ማሩን፣ ቅቤውን፣ ምስሩን ያመጣላታል፤ እሷ ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች። አዲስ አበባ ያለው ባለሱቅ በጅምላ ያዝዛል፣ ደሴ ያለችው እመቤት ለጓዳዋ የሚሆን ታዝዛለች፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይሄድላቸዋል። ቅቤዋ ሙዝ ተቀላቅሎበት አያውቅም፣ ማሯም ስኳር አያውቅም። ሰው ሳያያት አመናት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የገበሬው ትልቁ ሀብት ግን ከብቱ ነው። ከብቱ ደግሞ በደላላው በሽብሩ እጅ ነበር። ሽብሩ ከሻጭም ይቀበላል፣ ከገዢም ይቀበላል፣ ሲመሽ ደግሞ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ያማል። ገበሬው ተማሮበታል፤ ግን ምን ያድርግ? የሺመቤት «ከብቱንም አምጡልኝ» ስትላቸው ራሳቸውን እያከኩ «እስቲ መጀመሪያ አንድ ሸጠሽ አሳዪን» ይሏታል።

እሷም ወደ አባቷ ሄደች። አባቷ ጋሽ ደርብ ቦራ የምትባል በቅሎ አለቻቸው። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦራ የተባለችው። ታዲያ የቦራ ስም በአገሩ የወጣው በነጩ አይደለም። አጋም ውሃ ላይ ከሽቦና ከሳንቃ የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ሰው ሲረግጠው ይወዛወዛል፣ በሳንቃው መሐል ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። የአገሩ በቅሎ ሁሉ እዚያ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል፤ ቢመቱት አይሄድ፣ ቢለምኑት አይሄድ። ቦራ ግን ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማ፣ ሳንቃውን እየመረጠች፣ ሙሽራ እንደጫነች ቀስ ብላ ትሻገራለች። ከእሷ በቀር ያንን ድልድይ የሚሻገር በቅሎ በዚያ አገር የለም።

«አባባ፣ ቦራን በስልክ ልሽጥልዎት» አለቻቸው።

«በቅሎ እኮ ናት ልጄ፣ የስልክ ካርድ አደረግሻት እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይመኑኝ።»

ጋሽ ደርብ ጉልበታቸውን አሹ። «ለብሩ ብዬ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ኮርቻ ላይ መውጣት አቃተኝ። እሷ ደግሞ ቆማ መዋል አይሆንላትም፤ ስታየኝ ሆዴን ትበላዋለች። የሚሠራባት ሰው ፈልጊላት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ሽብሩን ግን እንዳታስቂብኝ» አሏት።

ሽብሩማ ገና ሲሰማ ነው የሳቀው። «በቅሎ በስልክ? ጥርሷን በየት ገብተው ሊያዩት ነው?» እያለ ገበያውን አዳረሰው። ገበሬዎቹም ቁርጡን ነገሯት። የጋሽ ደርብ በቅሎ ያለ ጭቅጭቅ ከተሸጠች በሬውንም በጉንም ይዘው ይመጡላታል፤ ጭቅጭቅ ከተነሣ ግን እዚያው ከሽብሩ ጋር ናቸው። እንግዲህ የሺመቤት በዚህች በአንዲት በቅሎ ላይ የነገ እንጀራዋን አሰረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በረቡዕ ገበያ ከብት የሚሸጠው እንዲህ ነው፦ ገዢው «ሸጥክልኝ?» ይላል፣ ሻጩ «ሸጥኩልህ» ይላል። ዋጋው ከእጅ ወደ እጅ ይገባል። ከዚያ ሻጩ ገመዱን በቀኝ እጁ ይዞ በገዢው ቀኝ እጅ ያስጨብጥና «ይባርክልህ» ይለዋል፤ ከከብቱም ጭራ ትንሽ ፀጉር ነጭቶ በራፉ ላይ ይሰካል፣ ረድኤቱ ከቤት እንዳይወጣ። የተጨበጠ ገመድ አይመለስም። ቃሉ፣ ዋጋውና ገመዱ ለማኝ «ስለ ማርያም» ብሎ ሳይጨርስ በአንድ ትንፋሽ ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። ማን ይለያያቸዋል? ለያይቷቸው የሚያውቅ ሰውም አልነበረም።

የሺመቤት ቦራን ድልድዩን ስትሻገር በቪዲዮ ቀረጸቻት። ዕድሜዋን፣ ጠባይዋን፣ ዋጋዋን ጻፈች። መጨረሻ ላይ፣ ጫማና ቀሚስ የሚሸጡት ሁሉ ከዕቃቸው ሥር የሚጽፏትን ቃል እሷም ሳታስብ ገልብጣ ጻፈቻት፦ «ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል»። አይ የሺመቤት! ጫማ ሻጩ እኮ አንዱን ቢሸጥ ሌላ ከመጋዘን ያወጣል። ቦራ አንድ ናት።

ቪዲዮው ተለጠፈ፤ ሰውም ተቀባበለው።

ከሁሉ ቀድማ የጻፈችው መምህርት ስለናት ናት። ስለናት ከወንዙ ወዲህ ባለ ትምህርት ቤት ጠዋት ታስተምራለች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ በእግሯ ገደሉን ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ አቀበቱን ወጥታ ስትደርስ ልጆቹ ጠብቀው ጠብቀው ተበትነዋል። ቪዲዮውን ባየች ጊዜ ልቧ ዘለለ። ከየሺመቤት ማር ስለምትገዛ ይተዋወቃሉና «እኔ እወስዳታለሁ» ብላ ጻፈችላት። «ዋጋው አሁን በእጄ የለም፤ በገበያ ቀን ይዤ እመጣለሁ። ትጠብቂኛለሽ?» የሺመቤት አነበበችው። «የሚሠራባት ሰው ፈልጊላት» ያሉት አባቷ ትዝ አሏት። «የእርስዎ ናት መምህርት፤ ቃሌ ነው» ብላ መለሰችላት። ስለናት ጊዜ አላጠፋችም። በማግሥቱ ያለቻትን አንዲት ጊደር ከጎረቤት መንደር ለመጣ ነጋዴ ሸጠች፣ ወደ ማዶ ልጆች ወላጆችም «ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላ አለሁላችሁ» ብላ ላከችባቸው።

የሺመቤትም ለአባቷ «አባባ፣ ቦራን የሚወስድ ሰው ተገኝቷል፤ በገበያ ቀን ይመጣል» አለቻቸው። ማን እንደሆነ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከቪዲዮው ሥር «ተሸጣለች» ብላ ልትጽፍ ስልኳን ብታነሣ ባትሪው አልቋል፣ መብራትም የለም። ነገ በጠዋት እጽፈዋለሁ ብላ ተኛች። በነጋው ስልኩ ሞላ፣ ኔትወርኩ ግን ድራሹ ጠፋ። ጉብታው ላይም ወጥታ አጣችው። ሄዳ ተመለሰች፣ ሄዳ ተመለሰች፣ የለም። «ምን ይመጣል? እስከ ገበያ ቀን ይመለሳል» ብላ ራሷን አጽናናች።

አሁን ወደ ልዑልሰገድ እንሂድ። ልዑልሰገድ ከወንዙ ወዲህ ባለ አምባ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል። እንግዶቹ ከከተማ የሚመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጥንታዊ ደብር ሳያዩ መሞት የማይፈልጉ ሰዎች ናቸው። በኪራይ በቅሎ ድልድዩ ድረስ ያወርዳቸዋል፣ እዚያ ሲደርሱ በቅሎዎቹ እምቢ ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹም ደብሩን ከሩቅ ተሳልመው እንባቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ። ማረፊያውም በዚህ ምክንያት ሊዘጋ ነው። ልዑልሰገድ ቪዲዮውን አየ፤ የነጋዴ ልጅ ነውና ከሥር ያለውንም አነበበ። «ተሸጣለች» የሚል የለም። «ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል» የሚል አለ። ዋጋ ቀንሱልኝ አላለም፣ ነገ አላለም፤ ሙሉውን በስልኩ ላከ። ስልኩም ክፍያው እንደ ደረሰ ነገረው። «ከፍያለሁ፤ በገበያ ቀን መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎ ጻፈ። መልስ ባይመጣም የረቡዕ ገበያን ኔትወርክ ያውቀዋልና አልተጨነቀም። የኪራይ በቅሎዎቹን ለባለቤቶቻቸው መለሰ፣ ለሽማግሌ የሚመች ባለ ትራስ ኮርቻ አሠራ፣ ቀጠሮ ሰርዘው ለነበሩ እንግዶችም «ኑ፣ ደብሩን እስከ ደጁ አደርሳችኋለሁ» አላቸው።

ይመር ደግሞ ከማዶ ቆላ ማር የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ማሩን በሁለት አህዮች እስከ ድልድዩ ያደርሳል፤ ከዚያ ገንቦ ገንቦውን በራሱ ጀርባ እየተሸከመ ያሻግራል፣ ወዲህ ደግሞ አህያ ይከራያል። ጀርባው ጎብጧል። ስልኩ ከመደወል ሌላ የማያውቅ ነው፤ ቪዲዮውን ያየው ሻይ ቤት ውስጥ በሰው ስልክ ላይ ነው። ሌላው ሰው ድልድዩን ሲያይ እሱ እግሯን አየ። «ይህችን በቅሎ ዳብሼ ሳላያት አላድርም» ብሎ ማሩን ጭኖ ተነሣ። በገበያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሰው ጠይቆ ጋሽ ደርብ ደጅ ቆሟል።

የሺመቤት በዚያች ሰዓት ጉብታው ላይ ነበረች፤ ዛሬ ሰው ይመጣልና ኔትወርክ ልትፈልግ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ! በስልክ ያየኋትን በቅሎ ፈልጌ ነው» አለ ይመር።

ጋሽ ደርብ ፊታቸው በራ። ልጃቸው በገበያ ቀን ይመጣል ያለችው ሰው ይኸው መጣ! «አንተ ነህ እንዴ? ና፣ ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉት።

ይመር በቅሎዋን ዞራት። አንገቷን ደባበሰ፣ ጥርሷን አየ፣ ከዚያ የኋላ ቀኝ እግሯን አንሥቶ ሰኮናዋን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ቦራ ተቆጣች። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እሾህ አለ። ከገባ ሰንብቷል። ትንሽ ቢቆይ ይመግልና ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች» አለ። ጋሽ ደርብ ደነገጡ፤ ጉልበታቸው ካመማቸው ወዲህ ጎንበስ ብለው ሰኮናዋን አላዩም ነበር። ይመር በመርፌ ጫፍ አወጣው፣ በሙቅ ውሃና በጨው አጠበው፣ ከማሩም ቀባበት። ቦራ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

ሽማግሌው ልባቸው ተነካ። ልጄ ሰው አገኘችላት አሉ በሆዳቸው። «ዋጋውን ከልጄ ጋር ትጨርሳላችሁ፤ የስልክ ነገር እኔ አላውቅበትም» አሉና ገመዱን በቀኝ እጃቸው ፈትተው በቀኝ እጁ አስጨበጡት። «ይባርክልህ። የምትሠራ ናት፣ አትምታት።» ከጭራዋም ነጭተው በራፉ ላይ ሰኩ።

«ወላሂ አልመታትም ጋሼ። ዋጋውን ማሬን እንደሸጥኩ ለልጅዎ በእጇ አስረክባለሁ» አለ ይመር። በቅሎዋን ይዞ ገበያ ወረደ። በቅሎ ያለው ሰው አህያ ምን ያደርግለታል? ድልድዩ ማዶ አስሯቸው የመጣውን ሁለቱን አህዮቹን ለማዶ ሰዎች እዚያው ሸጣቸው፤ ገዢዎቹም ተሻግረው ነድተዋቸው ወደየአገራቸው ሄዱ።

በዚህ መሐል ጉብታው ላይ ኔትወርክ መጣ። የሺመቤት ስልክ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ። የልዑልሰገድ ክፍያ፣ የልዑልሰገድ መልእክት። የሺመቤት አንብባ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። «ወይኔ ሳይቸግረኝ! ያቺን ቃል ምን አስጻፈኝ?» አለች። ብሩን መልሼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ በቅሎዋን ለመምህርት እሰጣለሁ ብላ እየሮጠች ወረደች። ደጃቸው ስትደርስ የቦራ ፀጉር በራፉ ላይ ተሰክቷል። አባቷ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቦራስ?»

«ሰውሽ መጥቶ ወሰዳት። ምን ያለ ሰው ነው ያገኘሽላት ልጄ!»

የሺመቤት ዞራ ወደ ገበያው ሮጠች፤ አባቷም ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏት።

ገበያው መሐል ሦስቱ ተገናኙ። ስለናት የጊደሯን ዋጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጥታለች። ልዑልሰገድ ኮርቻውን በመኪና ጭኖ መጥቷል። ይመር ገመዱን ይዞ ቆሟል። ሰው ግር ብሎ ከበባቸው፤ ባለ ወፍጮው እንኳ ነገሩን ለመስማት ሞተሩን አጠፋ።

«ቃል ሰጥተሽኛል» አለች ስለናት።

«ከፍያለሁ» አለ ልዑልሰገድ።

«ገመዱን ጨብጫለሁ» አለ ይመር።

የሺመቤት ወደ ልዑልሰገድ ጠጋ ብላ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብርዎን አሁኑኑ ልመልስልዎት» አለችው። ልዑልሰገድ አልተቆጣም። «እኅቴ፣ ብሩ ቢመለስ ለእንግዶቼ የሰጠሁት ተስፋ ይመለሳል? የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያነበብኩትን አደረግሁ። ካልሆነ ለምን ጻፍሽው?» አላት።

ወደ ስለናት ዞረች። ስለናት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጊደሬን መልሱልኝና ቃልሽን እመልስልሻለሁ» አለች። ጊደሯ ግን በየትኛው ተራራ እንዳለች ማን ያውቃል?

ወደ ይመር ዞረች። ይመርም «አልከራከርሽም እኅቴ። ያስጨበጡኝ ጋሼ በቀኝ እጃቸው ይቀበሉኝ፣ አንድ ቃል ሳልናገር እሄዳለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ደርብ ተመለከተ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው እጃቸውን ወደ ፊት ሊዘረጉ ሞከሩ፤ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ አስጨብጬ ተቀብዬ አላውቅም» አሉ።

ሽማግሌዎች ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው ብዙም ሳያስቡ «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ለመምህርቷ ትሰጥ» አሉ። ሁለተኛው «እንዴት ተብሎ? ሰውዬው ክፈል ተባለ፣ ከፈለ። ከፍሎ የሚቀጣ ገዢ የት አገር አይታችኋል?» ብለው ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከብት ሲሸጡ የኖሩት እመት ዘነቡ ደግሞ «እኔ ወረቀትም ስልክም አላውቅ። የማውቀው ገመድ ነው። ደግሞስ እሾሁን ያወጣው ማን ነው? እሱ ባይመጣ አንካሳ በቅሎ ነበር የምትካፈሉት» አሉ።

«እሾህ ያወጣ ሁሉ በቅሎ ይወስዳል እንዴ? እንዲያማ ከሆነ ሐኪሙ ሁላችንን ይውሰደና!» አለ አንዱ ከዳር፤ ሰው ሳቀ።

ሌላው ደግሞ «በቅሎዋን ራሷን እንጠይቃት» አለ። «እሷማ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለች ናት፤ ጌታሽ ማነው ብንላት ምን ልትለን?» ተብሎ እንደገና ተሳቀ። ዕጣ ይጣል ሲባል ስለናት «ዕጣ ከሆነ ቃሉ ምን ሊሠራ ነበር?» አለች። በየተራ ይያዟት ሲባል ይመር ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሽ ደርብም «የሦስት ሰው በቅሎን ሁሉም ይጭናታል፣ ማንም አያበላትም» አሉ። በዚህ ላይ ሦስቱም ተስማሙ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ፀሐይ አዘነበለች። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተያይተው የሺመቤትን ጠሯት። «ልጃችን፣ እኛ የምናውቀው ገበያ ቃሉም፣ ዋጋውም፣ ገመዱም በአንድ ቦታ ያለበትን ነው። ይህኛው ያንቺ ገበያ ነው። ሥርዓቱን አንቺ ቁረጪ፤ የቆረጥሽውን እናጸናልሻለን» አሏት። ብልጦች ናቸው፤ ነገሩ ሲግል ለእሷ አስጨበጧት።

ይመርም ወደ እሷ መጣ። «እስክትፈርጂ አንቺ ያዢው» አለና ገመዱን በቀኝ እጇ አኖረላት። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰባት።

የሺመቤት ዙሪያዋን አየች። ገበሬዎቹ ቆመዋል፤ አንዱ ወይፈኑን፣ አንዱ ሙክቱን ይዞ፣ ፍርዷን ሰምቶ ወይ ወደ እሷ ወይ ወደ ሽብሩ ሊሄድ። ሽብሩ ራሱ ዛፍ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። ዛሬ ያልሳቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሳቁን ለማታ አስቀምጦታል።

ለመምህርት ብሰጣት አለች በሆዷ፣ ቃሌ ቃል ይሆናል፣ የማዶዎቹም ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። ግን ከዛሬ ወዲያ አንድ ሰው ከሩቅ አገር አምኖኝ ብሩን ቢልክ፣ ከእሱ በፊት ለማን ምን እንዳልኩ በምን ያውቃል? ማንስ ቀድሞ ይከፍለኛል? ለልዑልሰገድ ብሰጣት የጻፍኩት ይጸናል፣ ባለሱቁም ባለ ሆቴሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛኛል። ግን ብሩ ዛሬ በእጁ የሌለ ደኻ «ጠብቂኝ» ሲለኝ ምን ልለው ነው? ጊደሩን በእኔ ቃል የሚሸጥ ሰው ይኖራል? ለይመር ብሰጣት የአባቴ እጅ አይታጠፍም፣ ቦራም የሚያውቃትን ሰው ታገኛለች። ግን እንግዲያ ስልኩ ለምን? መጥቶ የጨበጠ የሚወስድ ከሆነ የሩቅ ሰው ምን አገባው፣ ገበያውስ ከሽብሩ ገበያ በምን ተለየ?

አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እንዲቆጧት ፈልጋ ነበር፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ገመዱን የሰጠሁት ያንቺ ሰው መስሎኝ ነው። አሁንም ያንቺ ሰው ለሆነው ስጪው። እኔ እጄን ከእጅሽ በታች አድርጌ አብሬሽ አስጨብጣለሁ» አሉና አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

የሺመቤት በቀኝ እጇ ገመዱን፣ በግራ እጇ ስልኳን ይዛለች። ስለናት ቀኝ እጇን ዘረጋች። ልዑልሰገድ ዘረጋ። ይመርም ዘረጋ። ቦራ ከማን እጅ እንደወደቀ ያልታወቀ ገብስ ከመሬት እየለቀመች ታኝካለች።

ረቡዕ ገበያ ውስጥ ይህ ነገር ዛሬም በተነሣ ቁጥር ባልና ሚስት ይኳረፋሉ፣ ጠጅ ቤት ያለው ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል፤ አንዱ ለቃሉ፣ አንዱ ለክፍያው፣ አንዱ ለገመዱ ይምላል። እስቲ እናንተ ደግሞ ፍረዱ፤ ገበሬዎቹ ወይፈናቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው፣ ሽማግሌውም እጃቸውን ከእጃችሁ ሥር አድርገዋል። ያ ገመድ በእናንተ ቀኝ እጅ ቢሆን ኖሮ ለማን ታስጨብጡት ነበር?